የየቲሞች መዝገብ እንዴት ይነደፍ? ስለ ተዛማጅ የመረጃ ቋት አነዳደፍ የቀረበ ትምህርት



ውድ አንባብያን! በዚህ የትምህርት ገጻችን ስለ የቲሞች ሐቅ፣ ስለ አሳዳጊዎች ድካምና ስለ ደጋፊዎች ኃላፊነት ደጋግመን ተነጋግረናል። ዛሬ የምንነጋገረው ከዚህ ሁሉ ጀርባ ስላለውና ብዙ ሰው ልብ ስለማይለው ነገር ነው፤ ስለ መዝገብ። የመዝገብ ነገር አሰልቺ የቢሮ ሥራ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከደጋፊው እጅ የወጣው ገንዘብ ወደ ልጁ እጅ የሚደርሰው በመዝገብ በኩል ነው። መዝገቡ ከተሳሳተ ቅን ልብም በቂ ገንዘብም እያለ ልጁ ጦሙን ሊያድር ይችላል።

ይህን በራሳችን ቢሮ አይተነዋል። የልጆቹን ዝርዝር በአንድ ሰፊ የኤክሴል ገጽ እንይዝ በነበረበት ጊዜ፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ልጃገረዶች ነበሩ። ዝርዝሩን ያጠራ የነበረ ባልደረባችን ያው ስም ሁለት ጊዜ የተጻፈ መስሎት አንደኛውን ረድፍ ሰረዘው። ስሕተቱ የታወቀው ከ5 ወር በኋላ፣ የልጅቱ እናት ቢሯችን ድረስ መጥታ «የልጄ ደጋፊ ምን ሆኑ? ደኅና አይደሉም እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ ነው። ደጋፊው ደኅና ነበሩ፤ ገንዘባቸውም በየወሩ ይገባ ነበር። የአንድ ረድፍ መጥፋት ግን ገንዘቡንና ልጅቱን አለያያቸው። ረድፉ መቼና በማን እጅ እንደተሰረዘ የሚናገር ምልክትም በገጹ ላይ አልነበረም። እናትየዋን ይቅርታ ጠይቀን ውዝፉን ከፈልን፤ ያለፈውን የ5 ወር ችግር ግን መመለስ አልቻልንም።

ባልደረባችን ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም መዝገቡን ንጹሕ ለማድረግ ሲደክም የነበረ ሰው ነው። ጥፋቱ የመዝገቡ አደረጃጀት ነበር፤ ሁለት ልጆችን ለይቶ የማያውቅ፣ ሲሳሳቱበትም እምቢ የማይል መዝገብ ነበር። መጻፍ በሃይማኖታችን ቀላል ቦታ የተሰጠው ጉዳይ አይደለም። ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍር የሚያዘው የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ነው። የሱረቱ ኒሳእ 6ኛ አንቀጽም የየቲሞች ንብረት ሲመለስላቸው ምስክር እንዲቆም ያዝዛል። ስለሆነም መዝገብን በአግባቡ መንደፍ ራሱ ከአማናው አንዱ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ አንድ የየቲሞች ድጋፍ ማኅበር መዝገቡን ወደ ተዛማጅ የመረጃ ቋት (ባለሙያዎች ሪሌሽናል ዳታቤዝ ወደሚሉት) እንዴት እንደሚለውጠው ደረጃ በደረጃ እናያለን። ለንድፉ ኮምፒዩተር እንኳ አያስፈልግም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

አንድ ሰፊ ገጽ ለምን አይበቃም?

አብዛኛው ማኅበር ሥራውን የሚጀምረው በአንድ ገጽ ነው። በየረድፉ የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ የእናት ስም፣ የእናት ስልክ፣ የደጋፊው ስም፣ የደጋፊው ስልክ፣ ወርኃዊው መጠንና የየወሩ ክፍያ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ልጆቹ 30 ሲሆኑ ገጹ ያገለግላል። 300 ሲደርሱ ግን ሦስት ዓይነት ሕመም ይጀምረዋል።

አንደኛው ሲያሻሽሉ የሚመጣ ነው። አንዲት እናት 3 ልጆች ካሏት ስልኳ በ3 ረድፎች ላይ ተጽፏል። ስልኳን ስትቀይር ሁለቱ ረድፎች ታርመው ሦስተኛው ይረሳል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ስልክ የትኛው እንደሆነ ገጹ ራሱ አያውቅም።

ሁለተኛው አዲስ ነገር ሲያስገቡ የሚመጣ ነው። አንድ በጎ አድራጊ «ልጅ እስክትመድቡልኝ ድረስ መዝግቡኝ» ብሎ ቢመጣ፣ ገጹ የልጆች ገጽ ስለሆነ ልጅ የሌለው ደጋፊ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ ስሙ በብጣሽ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ብጣሹም ይጠፋል።

ሦስተኛው ሲሰርዙ የሚመጣ ነው። አንድ ልጅ አድጎ ራሱን ሲችል ረድፉ ይሰረዛል። ከረድፉ ጋር ግን የደጋፊው አድራሻና የዓመታት የክፍያ ታሪክ አብሮ ይሄዳል።

የሦስቱም ሕመሞች ምንጭ አንድ ነው፤ አንድ ገጽ ስለ ልጅ፣ ስለ እናት፣ ስለ ደጋፊና ስለ ክፍያ በአንድ ጊዜ ለመናገር መሞከሩ ነው። ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር ውሎ አድሮ እርስ በርሱ ይጣላል። የመረጃ ቋት አነዳደፍ ትምህርት ጠቅለል ሲል እያንዳንዱ እውነታ በአንድ ቦታ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ የሚል ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ይህን ሐሳብ በሒሳብ መሠረት ላይ ያቆመው ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዝ አገር የተወለደ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ፣ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የሳን ሆዜ የምርምር ማዕከል ይሠራ በነበረበት ጊዜ ባሳተመው ጽሑፍ፣ መረጃ በሠንጠረዦች እንዲቀመጥና ሠንጠረዦቹም በውስጣቸው በሚገኙ የጋራ እሴቶች እንዲገናኙ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በፊት መረጃ ፈላጊው መረጃው በኮምፒዩተሩ ውስጥ በየትኛው መንገድ እንደተሳሰረ ማወቅና መንገዱን ተከትሎ መሄድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1974 የኩባንያው ተመራማሪዎች ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ዛሬ ኤስ.ኪው.ኤል. የምንለውን የመጠየቂያ ቋንቋ መጀመሪያ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ፒተር ቼን ነገሮችንና ዝምድናቸውን በሣጥንና በመስመር ሥሎ የማሳየት ዘዴን አሳተመ። ኮድ ለሥራው እ.ኤ.አ. በ1981 በኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት አግኝቷል። ባንኮች፣ አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ዛሬም በዚሁ ሐሳብ ላይ በተሠሩ ቋቶች ይገለገላሉ። ትንሽ ማኅበርም ያለ ክፍያ በሚገኙት በማይኤስኪውኤል ወይም በፖስትግሬስኪውኤል፣ አለዚያም በማይክሮሶፍት አክሰስ ሊሠራበት ይችላል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ከጥያቄ መነሳት

ብዙዎች የሚሳሳቱት «ምን ምን እንመዝግብ?» ብለው ሲጀምሩ ነው። መቅደም ያለበት «መዝገቡ ምን ምን እንዲመልስልን እንፈልጋለን?» የሚለው ነው። የሒሳብ ሠራተኛውን፣ የመስክ ጎብኚውንና ሰብሳቢውን አንድ ላይ አስቀምጦ መጠየቅ ይገባል። በእኛ በኩል የተሰበሰቡት ዋና ዋና ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

• ደጋፊ እያላቸው ባለፈው ወር ክፍያ ያልደረሳቸው ልጆች እነማን ናቸው?
• ደጋፊ የሚጠብቁ ልጆች፣ ልጅ የሚጠብቁ ደጋፊዎችስ?
• በመጪዎቹ 12 ወራት ዕድሜያቸው ከድጋፍ ወሰን የሚያልፍ እነማን ናቸው?
• ከዘካ የገባው ገንዘብ ስንት ነው? ከእርሱ ላይ ስንት ወጣ? ለማን?
• ይህን ልጅ በመወከል ገንዘቡን መቀበል የሚችለው ዛሬ ማን ነው?

ከእነዚህ ጥያቄዎች ለአንዱም የማይጠቅም መረጃ ባይሰበሰብ ይሻላል። የማይሠራበትን የልጅ ምስጢር ማከማቸት ሸክም እንጂ ሀብት አይደለም።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ነገሮቹን መለየት

ከጥያቄዎቹ ውስጥ ስሞቹን እናውጣ። ልጅ፣ አሳዳጊ፣ ደጋፊ፣ ገቢ፣ ክፍያ የሚሉት ይወጣሉ። እያንዳንዱ የራሱ ሠንጠረዥ ይኖረዋል። በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ረድፍ አንድን ልጅ፣ አንድን ደጋፊ ወይም አንድን ክፍያ ብቻ ይወክላል። ከብዙ እርማት በኋላ የደረስንበት ንድፍ 9 ሠንጠረዦች አሉት።

1. ልጅ፦ የልጅ ቁጥር፣ ስም፣ ፆታ፣ የልደት ቀን፣ የልደት ቀኑ የተረጋገጠ ወይም የተገመተ ስለመሆኑ፣ የአባት የሰው ቁጥር፣ የእናት የሰው ቁጥር።
2. ሰው (ወላጆችና አሳዳጊዎች)፦ የሰው ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ አድራሻ፣ የሞተ እንደሆነ የሞተበት ቀን።
3. ስልክ፦ የሰው ቁጥር፣ ስልክ።
4. አሳዳጊነት፦ የልጅ ቁጥር፣ የሰው ቁጥር፣ ዝምድና፣ የተጀመረበት ቀን፣ ያበቃበት ቀን።
5. ደጋፊ፦ የደጋፊ ቁጥር፣ ስም፣ አድራሻ፣ የተመዘገበበት ቀን።
6. ድጋፍ፦ የድጋፍ ቁጥር፣ የልጅ ቁጥር፣ የደጋፊ ቁጥር፣ ወርኃዊ መጠን፣ የተጀመረበት ቀን፣ ያበቃበት ቀን፣ ያበቃበት ምክንያት።
7. ገቢ፦ የደረሰኝ ቁጥር፣ የደጋፊ ቁጥር፣ ቀን፣ መጠን፣ የመጣበት የገንዘብ ዓይነት፣ የዕለቱ ምንዛሪ፣ ዘርፍ።
8. ክፍያ፦ የክፍያ ቁጥር፣ የድጋፍ ቁጥር፣ የተቀባዩ የሰው ቁጥር፣ ክፍያው የሚሸፍነው ወር፣ የተከፈለበት ቀን፣ መጠን፣ ዘርፍ፣ መደበኛ ወይም ማስተካከያ ስለመሆኑ።
9. የብቁነት ማጣሪያ፦ የልጅ ቁጥር፣ የተጣራበት ቀን፣ ውጤት፣ ያጣራው ሠራተኛ።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በልጅ ሠንጠረዥ ውስጥ የአባት ስም የለም። በአገራችን ልጅ የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ስለሆነ፣ የአባቱ ረድፍ በሰው ሠንጠረዥ ውስጥ ካለ የልጁ ሙሉ ስም ከዚያው ይገኛል። አባት አንድ ጊዜ ከተጻፈ የ4 ወንድማማቾች የአባት ስም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፤ የሞቱ ቀንም በአንድ ቦታ ይቀመጣል። ልጁ በትምህርት ቤት የሚጠራበት ስም ከዚህ የተለየ ሲሆን ግን ያ ስም ሌላ እውነታ ስለሆነ ለብቻው ዓምድ ተሰጥቶት ይመዘገባል። እናትም ወላጅም አሳዳጊም ልትሆን ስለምትችል ሁለት ጊዜ እንዳትጻፍ ወላጆችንና አሳዳጊዎችን በአንድ የሰው ሠንጠረዥ አኑረናቸዋል። ስልክ ለብቻው መውጣቱም ምክንያት አለው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ስልክ በነጠላ ሰረዝ ለይቶ መጻፍ የመጀመሪያውን የአነዳደፍ ሕግ ያፈርሳል፤ ሕጉ በአንድ ሳጥን አንድ እሴት ብቻ ይቀመጥ ይላል። ይህን ዓይነቱን ማጥራት ባለሙያዎች ኖርማላይዜሽን ይሉታል።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ስም ቁልፍ አይሆንም

እያንዳንዱ ረድፍ ከሌላው የሚለይበት ዋና ቁልፍ ያስፈልገዋል። የእኛ ገጽ ቁልፉ ስም ነበር፤ ዋጋውንም አንዲት ልጅ ከፈለችበት። የቤተሰብ ስም በማይወረስበት፣ ሙሐመድና ፋጢማ የሚባሉ ልጆች በየቤቱ በሚገኙበት አገር ስም ሰውን አይለይም። አጻጻፉም አንድ አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለአንባቢ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድና መሃመድ ብለው አራት ጸሐፊዎች አንዱን ልጅ ቢመዘግቡ ኮምፒዩተሩ አራት ልጆች ያያል። መፍትሔው ስሙን ቤተሰቡ እንደሚጽፈው መመዝገብና ለፍለጋ ብቻ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተጠቀለሉበት ሌላ ዓምድ በኮምፒዩተሩ ማስላት ነው።

ስለዚህ ዋናው ቁልፍ ትርጉም የሌለው ተራ ቁጥር ይሁን። «ትርጉም የሌለው» ስንል ሆን ብለን ነው። አንዳንድ ማኅበራት የወረዳውን፣ የዓመቱንና የፆታውን ምልክት በቁጥሩ ውስጥ ይከትታሉ። ልጁ ወደ ሌላ ወረዳ ሲሄድ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል፤ ቁጥሩን ቢቀይሩት ደግሞ ያለፉት ክፍያዎች ሁሉ ባለቤት ያጣሉ። አንዴ የተሰጠ ቁጥር ልጁ ከድጋፍ ቢወጣም ለሌላ አይሰጥም። የልደት የምስክር ወረቀት ወይም የመታወቂያ ቁጥር ጠቃሚ ማስረጃ ቢሆንም ዋና ቁልፍ ሊሆን አይገባውም፤ ማስረጃ የሌለውን ልጅ ከመዝገብ ያስቀራልና።

አራተኛው ደረጃ፦ ዝምድናዎቹ

አንዲት እናት ብዙ ልጆች አሏት፤ አንድ ልጅ ግን አንዲት እናት ናት ያለችው። ይህ የአንድ ለብዙ ዝምድና ይባላል፤ ለእርሱ የእናትየዋን ቁጥር በልጁ ረድፍ ላይ መጻፍ ይበቃል። ደጋፊና ልጅ ግን የብዙ ለብዙ ዝምድና አላቸው። አንድ ነጋዴ 5 ልጆችን ሊደግፍ ይችላል፤ አንዱን ልጅ ደግሞ ሁለት ጓደኛሞች ተካፍለው ሊደግፉት ይችላሉ። ለዚህ በመካከል የሚቆም ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ እርሱም ድጋፍ ያልነው ነው። የወርኃዊው መጠን ቦታም እዚህ ነው። መጠኑ የልጁ ጠባይ አይደለም፤ የደጋፊውም አይደለም፤ የሁለቱ ስምምነት ነው።

አሳዳጊነትም እንደዚሁ ነው። እናት ልታገባ ወይም ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ልትሄድ፣ ልጁ ከአያቱ ጋር ሊቀር ይችላል። የቀድሞውን ስም ሰርዞ አዲሱን መተካት «ባለፈው ዓመት ገንዘቡን የፈረመው ማን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያሳጣል። ስለሆነም የቀድሞው ረድፍ ያበቃበት ቀን ይሞላለታል፤ ለአዲሱም አዲስ ረድፍ ይከፈታል።

በአንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ ወደ ሌላው ሠንጠረዥ ቁልፍ የሚጠቁመውን ዓምድ ባለሙያዎች ፎሬይን ኪይ ይሉታል። ጥቅሙ ማገናኘት ብቻ ሳይሆን መከልከልም ነው። የሌለ ልጅ ቁጥር በድጋፍ ሠንጠረዥ ላይ ቢጻፍ ቋቱ አይቀበልም። ድጋፍ ያለውን ልጅ ለመሰረዝ ሲሞከርም፣ ይህ እንዲፈቀድ ተብሎ ካልተነደፈ በስተቀር፣ እምቢ ይላል። በዚያን ዕለት መዝገባችን በዚህ መልክ ተነድፎ ቢሆን ኖሮ ባልደረባችን የመሰረዣውን ቁልፍ ሲጫን የሚያገኘው መልስ «አይቻልም» የሚል ይሆን ነበር።

አምስተኛው ደረጃ፦ እውነታው ይመዝገብ፣ ፍርዱ ይሰላ

በድሮው ገጻችን «ዕድሜ፦ 9» የሚል ዓምድ ነበር። ይህ ቁጥር ከተጻፈበት ዓመት በኋላ ስሕተት ነው። መመዝገብ ያለበት የልደት ቀን ነው፤ ዕድሜ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ይሰላል። ቀኑ በማስረጃ ካልታወቀና በግምት ከተያዘ «የተገመተ» መሆኑ ይጻፍ እንጂ ግምት እንደ እውነት አይቀመጥ።

«የቲም» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ነው። በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። ዩኒሴፍን የመሳሰሉ ድርጅቶች ደግሞ አባቱን ወይም እናቱን ወይም ሁለቱንም ያጣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ ወላጅ አልባ ይሉታል። በመዝገቡ ላይ «የቲም ነው፦ አዎ» ብለን ከጻፍን በየትኛው መለኪያ እንደሆነ አይታወቅም። የአባትና የእናት የሞት ቀን እንዲሁም የልጁ ልደት ከተመዘገቡ ግን በሁለቱም መለኪያዎች በዕድሜ ረገድ መልሱን ቋቱ ያወጣዋል፤ ሪፖርቱም ለጠየቀው ሁሉ በልኩ ይዘጋጃል።

ስድስተኛው ደረጃ፦ የገንዘቡ ዘርፍ

ዘካና ሰደቃ በአንድ የባንክ ሒሳብ ቢገናኙም በመዝገብ መቀላቀል የለባቸውም። ዘካ የሚገባቸው 8ቱ ወገኖች በሱረቱ ተውባህ 60ኛ አንቀጽ ተቆጥረዋል፤ የቲምነት ለብቻው ከእነርሱ ውስጥ አልተጠቀሰም። የቲም ከዘካ የሚያገኘው ድኻ ወይም ችግረኛ በመሆኑ ነው። አባቱ በቂ ውርስ የተወለት ልጅ የቲም ቢሆንም በዚህ በር አይገባም። የብቁነት ማጣሪያ ሠንጠረዥ የተጨመረው ለዚሁ ሲባል ነው። ማጣሪያው ቀን ያለው መሆኑ ደግሞ የቤተሰብ ኑሮ ስለሚለዋወጥ ነው።

ዘርፍ በገቢም በክፍያም ላይ መጻፉ «ከዘካ ስንት ገባ? ስንት ወጣ?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ ትእዛዝ ለመመለስ ያስችላል። ከአንድ ዘርፍ የወጣው ከገባው ከበለጠ አንዱ አማና ሌላውን እየበላ ነው ማለት ነው፤ ቋቱም ይህን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። የግል ደጋፊ ያላገኘ ልጅ ከማኅበሩ አጠቃላይ ገንዘብ የሚረዳ ከሆነ፣ ማኅበሩ ራሱ በደጋፊ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ቢይዝ ነገሩ ሁሉ በአንድ ሥርዓት ይሄዳል።

ሦስት ተጨማሪ ሕጎች ይታከሉ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከአሜሪካ በውጭ ምንዛሪ የመጣ ገንዘብ በመጣበት መጠንና በዕለቱ ምንዛሪ ይመዝገብ፤ ብሩ ከሁለቱ ይሰላል። ለአንድ ድጋፍ ለአንድ ወር ከአንድ በላይ መደበኛ ክፍያ እንዳይጻፍ ቋቱ ይከልክል። የተሳሳተ ክፍያ ደግሞ አይፋቅ፤ ስሕተቱን የሚመልስ የማስተካከያ ረድፍ ይጻፍበት። ፍቅ ያለበት መዝገብ ለኦዲተርም ለኅሊናም አይመችም።

ሰባተኛው ደረጃ፦ የቀን ነገር

በአገራችን የመዝገብ ሥራን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ቀን ነው። ጥቅምት 30 ቀን «30/2» ተብሎ በኤክሴል ሲጻፍ፣ ፕሮግራሙ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚያስብና 30 ቀን ያለው ፌብሩዋሪ ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። ጥቅምት 5 ቀን «5/2» ተብሎ ሲጻፍ ግን ቀን ነው ብሎ ይቀበልና በሌላ ወር ያኖረዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ጽሑፍ፣ ግማሹ የተሳሳተ ቀን ይሆናል። ጳጉሜን ጨርሶ ቦታ የላትም። 8 ዓመት በመደመር ማስላትም ያሳስታል፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት ነውና። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ስለዚህ በቋቱ ውስጥ ቀን ሁሉ ኮምፒዩተሩ በሚያውቀው አንድ አቆጣጠር ይቀመጥ። ሠራተኛው ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያንብብ፤ መለወጥ የፕሮግራሙ ሥራ ይሁን። የሒጅራውም አቆጣጠር ከዚያው ይሰላል። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የዘካ ዓመት የሚሞላው በጨረቃ ሲሆን የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀናት ነው። የመድረስ ምልክት ካልታየ 15 የጨረቃ ዓመትን ወሰን ባደረጉ ሊቃውንት አቋም የሚሠራ ማኅበርም፣ ይህ ዕድሜ በፀሐይ አቆጣጠር 14 ዓመት ተኩል ያህል መሆኑን ማወቅ አለበት።

ስምንተኛው ደረጃ፦ ገመናን መጠበቅ

የየቲም መዝገብ የድኾች ገመና የተከማቸበት ቦታ ነው። ሁሉም ሠራተኛ ሁሉንም ማየት የለበትም። ገንዘብ ከፋዩ የልጁን ቁጥር፣ ስምና ተቀባዩን ይይ፤ የቤተሰቡን የኑሮ ማጣሪያ ግን አጣሪውና ኃላፊው ብቻ ይዩት። የጤና መረጃ የግድ ከተያዘ በተለየ ሠንጠረዥና በተለየ ፈቃድ ይሁን። ለደጋፊው የሚላክ ሪፖርት የልጁን የትምህርትና የኑሮ ሁኔታ ይንገር እንጂ አድራሻውን አያውጣ። ማን መቼ ምን እንደለወጠም ቋቱ ራሱ ይመዝግብ። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለችና ጉዳዩ የአደብ ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ ነው።

ዘጠነኛው ደረጃ፦ ከወረቀቱ ወደ ቋቱ

ንድፉ ካለቀ በኋላ 300ውን ልጅ በአንድ ቀን ለማስገባት መቸኮል አይገባም። በመጀመሪያ 20 አስቸጋሪ ማኅደሮች ይመረጡ፤ መንትዮች፣ ሞክሼዎች፣ አሳዳጊ የቀየሩ፣ ሁለት ደጋፊ ያላቸው። ንድፉ እነዚህን ካልቻለ ስሕተቱ በወረቀት ላይ እያለ ይታረማል። ስማቸው አንድ የሆኑ ልጆች ሲገኙ ማንም በቢሮ ተቀምጦ «ይህ ድግግሞሽ ነው» ብሎ አይወስን፤ ወደ ቤታቸው ሄዶ ይጣራ። የአማርኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ ከዚያ ቀደም በወጡ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የማይነበብ ምልክት ሆነው ሊከፈቱ ይችላሉ፤ ወደ ዩኒኮድ ተለውጠው ከዋናው ወረቀት ጋር ይመሳከሩ። አሮጌውና አዲሱ መዝገብ ቢያንስ ለ3 ወራት ጎን ለጎን ይሂዱ። የቋቱ ቅጂም ከቢሮው ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ቅጂው መሥራቱም አልፎ አልፎ በመክፈት ይፈተን።

ማጠቃለያ

ውድ አንባብያን! በየወሩ መጨረሻ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወጣ አንድ ዝርዝር አለን። ለቋቱ የሚቀርበው ጥያቄ «ድጋፋቸው ያላበቃ፣ ነገር ግን ለዚህ ወር ክፍያ ያልተጻፈላቸው ልጆች እነማን ናቸው?» የሚል ነው። ያ ዝርዝር ባዶ መሆን አለበት። ባዶ ካልሆነ በላዩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ስም በዚያው ሳምንት መልስ ያገኛል፤ እናት ከሩቅ ተነሥታ መጥታ እስክትጠይቀን አንጠብቅም።

ያቺ ልጅ ዛሬ የራሷ ቁጥር አላት። ስሟን የምትጋራት ጎረቤቷም የራሷ ቁጥር አላት፤ ከእንግዲህ አንዷ የሌላዋ ድግግሞሽ አትባልም። በየማኅበራችሁ በዚህ ሥራ የተሰማራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገ ቢሮ ስትገቡ መዝገባችሁን ክፈቱና ይህንኑ ጥያቄ ጠይቁት። መልስ መስጠት ካቃተው እርሳስና ወረቀት አንሡ።

አላህ የተቀበልነውን አማና በአግባቡ ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።